የቦቃ ጊደር ልዋጭ

እኔን በጊደር ነው የለወጡኝ። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። የሚስቅ ሁሉ በጊደር ተለውጦ አያውቅም። የነገረችኝም ባዳ አይደለችም፤ የእናቴ ልጅ ዓይናለም ናት። ያን ቀን ጧት በራፋችን ላይ ቆማ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ወርቁ፣ አንተ ትሄዳለህ፣ ጊደሯ ትቀራለች። ለወጡህ እኮ!» አለችኝ። እኔም አመንኳት። ለምን አላምናት? ግንባሯ ነጭ የሆነው ቦቃ ጊደር ማታ መጥታ ግንዱ ላይ ታስራለች፤ እኔ ደግሞ በማግሥቱ ባና ተጠቅልሎብኝ በቅሎ ላይ ተቀምጫለሁ። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ እኔ ገና ጥርሴ መነቀል ሲጀምር። አገራችን ከጣርማ በር በላይ፣ ጉም ከሰው ጋር አብሮ የሚያድርበት ቦታ ነው። ሰኔ ሲገባ ጉሙ በበራፍ ይገባና መስከረም ካልጠባ አይወጣም። ገብሱ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚበቅለው። የምንለብሰው የበግ ጠጉር ባና ሲረጥብ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ሽታው አፍንጫ ይዘጋል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ሰማዩ ይጠራና ውርጭ ይወርዳል፤ ጧት የረገጥነው ሣር ከእግራችን ሥር እንደ አሞሌ ፍርፋሪ ይንኮሻኮሻል። የሌላው ልጅ ጉንጭ በዚያ ብርድ ይቀላል፣ ይወፍራል። የእኔን ብርድ ግን ደረቴ ይጠጣዋል። ቆሜም፣ ተኝቼም፣ ውስጤ እረኛ የተቀመጠ ይመስል ሲያፏጭ ይውላል።

ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ነበሩ አሉ። ስማቸው እቤታችን አይጠራም። እናቴ እቴነሽ መዳፏን ደረቴ ላይ አስደግፋ ዝም ስትል እነሱን እያሰበች እንደነበር ያወቅኩት እኔም ልጅ ከቀበርኩ በኋላ ነው። ያኔ ግን እጇ ሲከብደኝ፣ የምትገፋኝ ይመስለኝ ነበር።

ማታ ማታ እሳቱ ዳር ተጋድሜ የአባቴንና የእናቴን ወሬ እሰማለሁ።

«ይሄ ልጅ ለዚህ አገር አልተፈጠረም» ይላል አባቴ አየለ።

«ታዲያ የት ይሂድልህ?»

«አብዱረሂም ጋ።»

«ቆላ? ንዳድ አፍ ውስጥ?»

«ንዳድ ይምር ይሆናል፤ ማን ያውቃል። ብርዱ ግን ሁለት ጊዜ አልማረንም፣ እቴነሽ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት «ለዚህ አገር አልተፈጠረም» የሚለውን ብቻ ነው። ልጅ ከሰማው ውስጥ የሚያመውን መርጦ ያስቀምጣል። ዛሬም ቢሆን እኔ እንደዚያ ነኝ፤ ሚስቴ ትሙት፣ መቶ ቃል ተናግረሽኝ አንዷን ክፉ ነው የምይዘው እላታለሁ።

አብዱረሂም አባቴ ደብረ ሲና ገበያ ላይ ያፈራው ወዳጁ ነው። ከሸዋ ሮቢት በላይ ያለ የይፋት ሰው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢሙ በሒና የቀላ። እሱ ማሽላና ጥጥ ይዞ ይወጣል፣ አባቴ ገብስና በግ ይዞ ይወርዳል። ዝናብ ሲገባ ቆላ ላይ ዝንብ ይፈላና ከብት ይጎዳል። ስለዚህ አብዱረሂም የሚሳሳላትን ከብት ደጋ አውጥቶ አባቴ ዘንድ ያስከርማል። በጋ ሲሆን ደግሞ የእኛ በጎች ሣር ፍለጋ ወደሱ ይወርዳሉ። «ያንተን ደካማ እኔ፣ የእኔን ደካማ አንተ» ነበር የሁለቱ ውል። ጊደሯ ስለ ዝንቡ ነው የመጣችው። እኔ ስለ ብርዱ ነው የሄድኩት። በአንድ ቀን መግጠማችን መንገዱ አንድ ስለሆነ ብቻ ነው። ይህን ማንም አላስረዳኝም። ለልጅ ማን ያስረዳል? ልጅ እንደ ዕቃ ተነስቶ ይቀመጣል።

ይዞኝ የሚወርደው ጊደሯን ያመጣው አብዱረሂም ነው፤ አባቴ እስከ ደብረ ሲና ሸኘኝ። ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ ስናልፍ ከጣራው የሚንጠባጠበው ውኃ ማጅራቴ ላይ እየወደቀ አስጮኸኝ። በወዲያ በኩል ስንወጣ አገሩ በሙሉ ከእግራችን ሥር ወደቀ፤ ገደል በገደል ላይ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ አቧራ የመሰለ ሜዳ። «ያ ነው ቤትህ» አለኝ አብዱረሂም በጣቱ እያሳየ። ቤቴ ያለው እላይ ነው ልለው አፌን ብከፍት ሳል ቀደመኝ።

ደብረ ሲና ላይ በጭነት መኪና ጫኑኝ። አባቴ በቅሎዋን አዙሮ ሄደ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። ይህን ሃምሳ ዓመት ይዤ ኖሬአለሁ። አብዱረሂም ሊሞት ሰሞን ነው፣ እንደ ቀልድ፣ «እኔ ነኝ ያልኩት፤ ዞረህ ካየኸው አትለቀውም ብዬ አስምዬዋለሁ» ያለኝ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለመናገር ሰው ለምን ሞቱን እንደሚጠብቅ አይገባኝም።

ሹፌሩ ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነበር፤ ጭነቱን አሰብ የሚያደርስ። መኪናው ጠመዝማዛውን እያቃሰተ ሲወርድ እየሳቀ ያወራል። «በዚህ አገር ሹፌር የሆነ ሰው ሦስት ደረት ያስፈልገዋል» ይላል። «አንዱ ለጣርማ በር፣ አንዱ ለሮቢት፣ አንዱ ለአሰብ። እኔ ጧት ካፖርት ለብሼ፣ ቀትር ላይ በካኒቴራ፣ አሰብ ስደርስ ደግሞ እናቴ እንደወለደችኝ ነኝ። አሰብ እኮ እንቁላል ዓሸዋ ላይ ነው የሚጠበሰው!»

«ሰው ይኖርበታል?» አለው አብዱረሂም።

«ይኖራል እንጂ! እነሱ ደግሞ ጣርማ በር ሰው ይኖርበታል ወይ እያሉ ይጠይቁኛል።»

«አላህ አገሩን አንድ አድርጎ አየሩን ለየብቻ ነው የሰጠው» አለ አብዱረሂም፤ ባናዬን ከትከሻዬ አወረደና ጭኑ ላይ አጠፈው። ትንሽ ቆይቶ ጥብቆዬን አወለቀልኝ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ራቁቴን ነበርኩ። ልብሴን በየመንገዱ እየገፈፉ ቆላ አስገቡኝ ብዬ ለብዙ ጊዜ ሳወራ ኖርኩ፤ አየሩ እንደ ታለበ ወተት ሞቆ ገላዬን መንካቱን ግን ለማንም አውርቼ አላውቅም።

የአብዱረሂም ሚስት ጣይባ ትባላለች፤ ትከሻዋ የሰፋ፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። ልጃቸው መሪያም በዕድሜ እኩያዬ ናት። ያ ቤት ጥንቅሽ ጥንቅሽ ይሸት ነበር፤ ሰው ሁሉ ደጅ ጠፍር አልጋ ላይ ይተኛል። በሳምንቱ ይሁን በሁለት ሳምንቱ አላውቅም፣ ውስጤ ያለው እረኛ ማፏጨቱን አቆመ። ማቆሙን ግን አላስተዋልኩም። ሰው የሄደለትን ሕመም አያስተውልም፤ የደረሰበትን በደል ግን ተኝቶም ያስተውላል።

በደሉ ደግሞ ነበር። የእኔ ሳህን ለብቻዋ ናት። እነሱ አንድ ገበታ ከበው ሲበሉ ለእኔ በትንሽ ጣባ ይቀርብልኛል። ሥጋ በመጣ ቀን መሪያም አጥንት ስትግጥ እኔ እንቁላል ወይም ሽሮ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ጣይባ ወተቱን ከፍ አድርጋ ትሰቅለዋለች። የሙስሊም ሴት ረቡዕና ዓርብን ከቄስ ይልቅ አጥብቃ ታውቃለች! አንገቴ ላይ ያለው ማተብ ሲያልቅ ደግሞ፣ ከራሷ ጥጥ ፈትላ፣ ጥቁር አስነክራ፣ አዲስ አሰረችልኝ። «እንዳትፈታው» አለችኝ፤ «ከፈታኸው እኔና አንተ እንጣላለን።»

የጊደሯ ገመድ ትዝ አለኝ። የተለወጠ ከብት እንዳይጠፋ ይታሰራል።

አባቴ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል መጣ። በሩጫ ሄጄ እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ። ሳይስመኝ፣ ሳያነሳኝ፣ ተንበርክኮ ጆሮውን ደረቴ ላይ ለጠፈ።

«ተንፍስ» አለኝ። ተነፈስኩ።

«እንደገና።»

«እስኪ ሳል።»

ገበያ ላይ የበሬ ጥርስ የሚያይ ሰው እንደዚያ ነው። ፊቱ በራ። ደስ እንዳለው አየሁ፤ ግን በእኔ ሳይሆን በንግዱ የተደሰተ መሰለኝ።

ገና ትንሽ እንደተቀመጠ አብዱረሂም ተነሳበት። «አየለ፣ ፀሐይዋን እያት! ተነስ፣ ውጣ!»

«ትንሽ ከልጁ ጋር…»

«ልጁ የትም አይሄድብህም። አንተ ግን እዚህ ካደርክ እቴነሽ ከልጇ ሌላ ባሏንም ነው የምታጣው። ተነስ ወንድሜ፣ ወላሂ እገፋሃለሁ!»

አባቴ በሶውን አስቀምጦ ወጣ። እኔም ጠላሁት።

ዛሬ ይህን ለልጅ ልጆቼ ብነግር አይገባቸውም። ዛሬ ደገኛው ሮቢት ይወርዳል፣ በባጃጅ ይዞራል፣ አልጋ ይይዛል፣ አጎበር ውስጥ ገብቶ ያንኮራፋል። ያኔ ደገኛ ቆላ ያርሳል እንጂ ቆላ አያድርም። ማታ የሚመጣውን ንዳድ ፈርቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳገቱን ይይዛል። መቆየት ማለት መሞት ነበር። አባቴ እኔን ከብርድ አሽሽቶ እሱ የሚፈራው ነገር አፍ ውስጥ ማስቀመጡን እያወቀ፣ በየመጣበት ጆሮውን ይለጥፍ ነበር። ገብቶኛል። መረዳት ሌላ፣ ቂምን መርሳት ሌላ ነው እንጂ ገብቶኛል።

መስከረም ጠብቶ ንዳዱ ሲበረታ የመንደሩ ሰዎች ዱዓ አደረጉ። ትልቅ በሬ ታረደ። ዋርካ ሥር ተሰብስበው ሽማግሎቹ ሲመርቁ፣ ሰዉ «አሚን!» ሲል ምድሩ ይነዝራል። ከዚያ ሥጋው በየቅጠሉ ተደለደለ። ልጅ ሁሉ እጁን ዘረጋ። እኔም ዘረጋሁ። አከፋፋዩ ሽማግሌ ማተቤን አየና አለፈኝ።

አለፈኝ! ከልጅ ሁሉ መሀል እኔን።

መሪያም ጉበት ይዛ ነበር። ዞር ስትል ነጥቄ አፌ ከተትኩት። ገና አንድ ጊዜ እንዳኘክሁ የጣይባ እጅ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ መንጋጋዬን ያዘች።

«ትፋ! ትፋው ልጄ! ትፋው!»

ነከስኳት። አልለቀቀችኝም። ጣቷን አፌ ውስጥ ሰድዳ ጉበቱን ጎርጉራ አወጣችው፤ ከጣቷም ደም ወጣ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ እኔን ጭኗ መሀል ጨብጣ ማልቀስ ጀመረች።

አንድ ጫት የሚቅም ሰውዬ ከጥላው ሥር፣ «ይብላ እንጂ! ልጅ አይደል? አንድ ነፍስ ታተርፊ ነበር፣ ጣይባ!» አለና ሳቀ።

«አፍህን ዝጋ!» አለችው። እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። «ይህ ልጅ አማና ነው፣ የሰው አደራ። እናቱ በአብዱረሂም አፍ ምን ብላ እንደላከችብኝ ታውቃለህ? ‹ደረቱን አድኑልኝ፣ ማተቡን አትንኩብኝ› ነው ያለችኝ። ደረቱ ድኗል፣ አልሐምዱሊላህ። ማተቡን በጉበት ልሽጠው?»

ሰውዬው ፊቱን ወደ ጫቱ መለሰ። አብዱረሂም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። ቃል በቃል ሰምቻለሁ። የገባኝ ግን፣ ከአፌ ጉርሻ የምትነጥቅ ሴት ቤት መግባቴ ነው። በማግሥቱ ጣይባ አንዲት ዶሮ በእግሯ አንጠልጥላ የክርስቲያን ጎረቤታችን እትዬ ከበቡሽ ቤት ወሰደችኝ። የእትዬ ከበቡሽ ባል ጋሼ ተክሌ «በስመ አብ» ብሎ አረደልኝ። ወጡ እስኪበስል ጣይባ ደጅ ፀሐይ ላይ ቆማ ጠበቀች። «ግቢ እንጂ» ቢሏትም «ይብላ፣ አያለሁ» አለች። የበላሁትን በዓይኗ ትቆጥርብኛለች ብዬ ጀርባዬን ሰጥቻት በላሁ። ያ ዶሮ ግን፣ እግዜር ያውቃል፣ ከዚያ ወዲህ የሚያክለው አልበላሁም።

ኅዳር ውስጥ አብዱረሂም፣ «ዝንቡ አልቋል። ሰሞኑን ቦቃዋ ትመለሳለች» አለ።

ልቤ ዘለለ። ጊደሯ ከተመለሰች ልውውጡ ፈረሰ ማለት ነው። ባናዬን አወጣሁ፤ በፀሐይ አሰጣሁት። መሪያም፣ «በዚህ ሙቀት ባና? ልትታመም ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። «እሄዳለሁ» አልኳት። «እዚያ እኔም በትልቁ ገበታ ነው የምበላው።» እሷም ተናዳ፣ «ሂዳ! ማን ያዘህ!» አለችኝ።

ጊደሯን የነዳት አባቴ ራሱ ነበር። ወፍራለች። አብዱረሂም ሆዷን እየዳበሰ «ማሻአላህ» ይላል። አባቴ እንደለመደው ተንበረከከ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ ተንፍስ፣ ሳል። ከዚያ ቀረርቶ ይሁን ልቅሶ የማይታወቅ ድምፅ አወጣና ትከሻዬን ጨበጠኝ። ቆሎ ሰጠኝ፤ ውኃ ጠጣ። አብዱረሂም ፀሐይዋን አየ። አባቴ ተነሳ።

«በርታ» አለኝ።

ሄደ።

ጊደሯ ተመልሳለች፣ እኔ ደግሞ አልተመለስኩም። ምን ማለት ነው? ለካ ልዋጭ እንኳ አልነበርኩም። ጊደሯ ትፈለጋለች፤ እኔ በነጻ የተጣልኩ ነኝ። በልዋጭ የሄደ እኮ ቢያንስ የሚያወጣው ዋጋ አለው።

ባናዬን አንስቼ ተከተልኩት። በአስፋልቱ ዳር፣ በቁጥቋጦው ከለላ። ያን ቀን ወደ ላይ የሚሄድ መኪና ጠፍቶ አባቴ በእግሩ ይወጣ ነበር፤ እየሮጠ ማለት ይቻላል፣ እፊቱ የምትጠልቀውን ፀሐይ እያየ። እኔ ከኋላ። ዳገቱ ሲጀምር ነፋሱ ተቀየረ። ከላይ የሚወርደው ነፋስ እርጥብ ባና ይሸታል። ደስ አለኝ፤ የአገሬ ሽታ ነው። ትንሽ እንደሄድኩ ግን ውስጤ ያ እረኛ ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ። አየሩ ከጉሮሮዬ አልፎ አልወርድ አለ። «አባዬ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ፉጨት ብቻ ወጣ።

የጠራሁት በፉጨቱ ነው። አባቴ ያንን ድምፅ የትኛውም ገደል ውስጥ ቢሰማው ያውቀዋል። ቀጥ ብሎ ቆመ። ሲዞር ፊቱን አየሁት፤ ያን ፊት ጠላት አይየው።

ሮጦ መጥቶ በባናው ጠቅልሎ ጀርባው ላይ አዘለኝ። ሽቅብ አንድ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ቆመ። ወደ ላይ አየ። ወደ ታች አየ። ፀሐይዋ ጠልቃለች።

«ከፍ ካልን ትሞትብኛለህ» አለ። «ዝቅ ካልን ደግሞ እኔ…» አልጨረሰውም።

ወደ ታች ዞረ። እኔ «ትሞታለህ» ያለኝ ቁጣ መስሎኝ አንገቱ ላይ ተለጥፌ አለቀስኩ። ሙቀቱ እየቀረበ ሲመጣ ደረቴ እየተፈታ፣ ልቅሶዬም ድምፅ እያወጣ ሄደ። አባቴ ባለቀስኩ ቁጥር «ተመስገን፣ አልቅስ፣ አልቅስ» ይለኛል። እየተሳለቀብኝ ነው አልኩ።

ጣይባ መንገድ ዳር አገኘችን፤ ነጠላዋ ተተልትሎ፣ እግሯን እሾህ ቀድዶት። «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» እያለች ከአባቴ ጀርባ ነጠቀችኝ። አብዱረሂም አባቴን፣ «አሁንም ሂድ፣ በቅሎ እሰጥሃለሁ» ቢለው፣ አባቴ ጠፍር አልጋዬ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠና፣ «ዛሬስ አልንቀሳቀስም። ንዳዱ ይምጣ፤ አድራሻዬን ያውቃል» አለ።

መጣ ደግሞ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ደጋው ላይ በውርጭ መሀል በላብ ሲጠመቅ፣ በባና ላይ ባና ተደርቦለት ሲንቀጠቀጥ ገበያተኛ አይቶ ወሬውን አመጣ። «ቆላ አድሮ መጣ» ይላሉ። «በልጁ ምክንያት ነው አሉ» ይላሉ። አብዱረሂም በየቤቱ መድኃኒት የሚረጩትን የወባ ሰዎች ለምኖ ክኒን ተቀብሎ፣ ገበያ ሳይደርስ፣ ማሽላው ሳይሰበሰብ፣ ዳገቱን ወጣ። ጣይባ ሌሊትና ቀን በሶላት ላይ ናት። እኔ ደግሞ ማማው ላይ ወጥቼ ወፍ እጠብቃለሁ፤ አባቴ ከሞተ ማንም ወደ ቤት አይመልሰኝም፣ ቢድንም ይጠላኛል እያልኩ።

ዳነ። ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ኖረ፤ ሆዱን እየዳበሰ «ይቺ የወርቁ ናት» ይል ነበር ያበጠውን ጣፊያውን። ሲሞት ግን ከእኔ በኋላ የተወለዱት ወንድሞቼ ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ከእንግዶች ጋር አስቀመጡኝ። «ቆለኛው መጥቷል፣ ቦታ ስጡት» አሉ። ቆለኛው! የአባቴን ጣፊያ ያሳበጥኩት እኔ ሆኜ። ይህን አልረሳም፤ አይጠየቅም። እህቴ ዓይናለምን ብቻ ይቅር ብያታለሁ። እሷም ቁርጥማቱ ስለጠናባት ሐምሌ ሲገባ በአውቶቡስ ወርዳ እኔ ቤት ትከርማለች። በራፌ ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ «ምነው እኔንም ያኔ በጊደር በለወጡኝ» ትለኛለች። እስቃለሁ። ሳልወድ።

የምነግራችሁ ግን በዚያው ዓመት ጥር ላይ የሆነውን ነው። ጥር ላይ ንዳዱ ይተኛል፤ ወንዙ ይጠራል። መሪያምና እኔ ከሮቢ ወንዝ ዳገቱን ሽቅብ እንወዳደር ነበር፣ ቅል ውኃ በራሳችን ላይ ይዘን፣ ያልፈሰሰበት ያሸንፋል እየተባባልን፣ እየጮህን። ጫፉ ላይ ስደርስ ደጃችን ካለው ብርቱካን ሥር አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ባና ደርባለች። በዚያ ሙቀት ባና! ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። ጣይባ አጠገቧ ቆማ በነጠላዋ ታራግብላታለች።

እናቴ ናት። ቆላ ወርዳ የማታውቀዋ እናቴ።

አልሳመችኝም። እሷም እንደ አባቴ ናት ብዬ አሰብኩ። «እስቲ ውረድና እንደገና ሩጥ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ተቆራርጦ።

«ለምን?»

«ሩጥልኝ አልኩህ፣ ወርቁዬ።»

ጣይባ፣ «ሩጥ ልጄ። በደንብ ሩጥ» አለችኝ። ወረድኩ፤ ወጣሁ። ገበያ ላይ ፈረስ ሲገዛ እንዲህ ያስሮጡታል። ቁጣዬ ከሩጫው በለጠ። እናቴ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች እንጂ አታየኝም፤ አፏ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ፊቷ ደርሼ ስቆም እንኳ ዓይኗን አልገለጠችም። የእኔን ትንፋሽ ትሰማ ነበር።

ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። «እንሂድ?» አለች በቀስታ። ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው አመለከተች። «አባትህ ደብረ ሲና ይጠብቀናል። ከፈለግክ፣ በጋውን እንኳ…»

ይህን ቃል ስንት ቀን ጠብቄዋለሁ! አሁን ሲመጣ ግን ሆዴ በቂም ሞልቶ ቦታ አጣ። የምትጎዳበትን ቃል ፈለግሁ። ከሁሉ የከፋውን፣ ከሁሉ የሚያቆስለውን መረጥኩ። እንድታነባ ነበር ሐሳቤ።

«አልሄድም!» አልኳት። «እናንተ ጋ ትንፋሽ የለም። እኔ እዚህ ነው የምተነፍሰው!»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ገደልኳት አልኩ። ከዚያ እጇን ከአፏ አነሳች፣ ባናውን ከላይዋ ላይ ወርውራ ብድግ አለች፣ ምላሷንም እንዲህ አድርጋ፣ እልልልልል! አለች። ጣይባም ተቀበለቻት። ሁለቱ ሴቶች ብርቱካኑ ሥር ተቃቅፈው እልልታውን ሲያቀልጡት፣ እትዬ ከበቡሽ ሠርግ መስሏት ከቤቷ ወጥታ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ፣ ከአጥሯ ማዶ አብራ ማለት ጀመረች።